ዋጋው ወርዷል፣ ወጪው ግን አልወረደም፦ «በቶዮታ ዋጋ ቅንጡ መኪና» ለሚለው ጽሑፍ ምላሽ

«ጋሼ፣ ይቺን ያንብቡልኝና ሐሳብዎን ይንገሩኝ፤ ቅዳሜ ልገዛ ነው።»

የአክስቴ ልጅ ባለፈው ማክሰኞ ሌሊት ከሥራ ሲወጣ ይህን ጽፎ አንድ ጽሑፍ ላከልኝ። ልጁ አሜሪካ ከገባ ሁለት ዓመት አልሞላውም። ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ቤት ተጋርቶ ይኖራል፤ ዋሽንግተን መሐል ከተማ ፓርኪንግ ጋራዥ ውስጥ የማታ ፈረቃ ይሠራል። በዚህ ወር እቁቡ ወጥቶለት 14,000 ዶላር እጁ ገብቷል። ሊገዛ ያሰበው የ2014 ሞዴል የጀርመን ሴዳን ነው፤ 92,000 ማይል ሄዷል፣ ሻጩ የሚጠይቀው 13,800 ዶላር ነው። ሒሳቡን ልብ በሉ፤ ልጁ መኪናውን ገዝቶ 200 ዶላር ይተርፈዋል።

የላከልኝ ጽሑፍ «በቶዮታ ዋጋ ቅንጡ መኪና» የሚል ነው። ፍሬ ነገሩ እንዲህ ነው። ቅንጡ ሴዳን በአምስት በስድስት ዓመት ውስጥ ዋጋው ከግማሽ በታች ስለሚወርድ፣ ብልህ ሰው ኮሮላ ከሚገዛ በዚያው ገንዘብ ያገለገለ መርሴዲስ፣ ቢኤምደብሊው ወይም አውዲ ይግዛ። ውዱ ፕሪሚየም ቤንዚን የማደያዎች ማታለያ ነው፤ ተራው ሬጉላር ይበቃል፣ በወር አንዴ ፕሪሚየም ቢቀዳለት ደግሞ ሞተሩን ያጥብለታል። ካርፋክሱ (የመኪናው የታሪክ ወረቀት) ንጹሕ ከሆነና ኢንስፔክሽን (የስቴቱን ምርመራ) ካለፈ የሚያሳስብ ነገር የለም። ቢበላሽም የሐበሻ መካኒክ ሞልቷል። መኪናው ሠርቶ ራሱን ይከፍላል፣ ሲሰለችም አገር ቤት ይላካል።

ጸሐፊውን አላውቃቸውም። በቅንነት እንደጻፉት ከአነጋገራቸው ያስታውቃል፤ ስደተኛ ሁልጊዜ ዝቅ ያለውን ብቻ ለምን ይመርጣል የሚለው ቁጭታቸውም የእኔም ቁጭት ነው። ግን በዚህ ከተማ 19 ዓመት በመንዳት እንጀራዬን የበላሁ ሰው ነኝ፤ ምክራቸውን ተከትሎ የእቁብ ገንዘቡን ጋራዥ ውስጥ የጨረሰ ሰው በዓይኔ አይቻለሁ። አንዱም እኔ ነበርኩ። ስለዚህ ነጥብ በነጥብ እመልሳለሁ።

ከዋጋው ልጀምር። ዋጋው በፍጥነት ይወርዳል ያሉት ትክክል ነው። ለምን እንደሚወርድ ግን አልነገሩንም። የሦስቱም የጀርመን ኩባንያዎች የአዲስ መኪና ዋስትና እዚህ አገር 4 ዓመት ወይም 50,000 ማይል ነው፤ ቀድሞ የሞላው ይቆጠራል። የመጀመሪያው ባለቤት አብዛኛውን ጊዜ በሊዝ (በረጅም ጊዜ ኪራይ) ይይዘውና ዋስትናው ሊያልቅ ሲል ይመልሰዋል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ጥገና ሁሉ ከቀጣዩ ገዢ ኪስ ነው። ገበያው ይህን ስለሚያውቅ ነው ዋጋውን የሚጥለው። ሲወጣ 60,000 ዶላር የነበረ መኪና ዛሬ በ13,800 ቢሸጥም የፊት መብራቱ፣ የኤሌክትሮኒክስ ሳጥኑ፣ አሞርዛተሩ አሁንም የ60,000 ዶላር መኪና ዕቃ ነው። ዕቃው ከመኪናው ጋር አላረጀም፣ ዋጋውም አብሮ አልወረደም።

የራሴን ልንገራችሁ። እንደ ፈረንጆቹ በ2011 የሰባት ዓመት ዕድሜ ያለው የጀርመን ሴዳን በ11,500 ዶላር ገዛሁ። የማን ስሪት እንደሆነ መናገር አያስፈልግም። አሞርዛተሩ በአየር የሚሠራ ነበር፤ ጉድጓድ ላይ ሲሄድ ጀልባ ላይ የተቀመጡ ነው የሚመስለው። በገዛሁ በስምንተኛው ወር የፋሲካ ቅዳሴ ጨርሰን ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ፣ መኪናው የፊት ግራ ጎኑ ጎማው ላይ ተደፍቶ እንደተንበረከከ ግመል ተቀምጦ አገኘነው። ትንሿ ልጄ በነጠላ ተጠቅልላ ትከሻዬ ላይ ተኝታለች፤ ባለቤቴ ጧፏን እንደያዘች ቆማ መኪናውን ታየዋለች። ሞተሩን አስነሳሁት፤ የአየር መጭመቂያው እየጮኸ ሊያነሳው ሞከረና አቃተው። ሰው ለምነን ቤት ገባን። በነጋታው ለአንዱ ጎን ብቻ 1,400 ዶላር ተጠየቅሁ፤ መጭመቂያውም ሲደክም ስለቆየ በሦስተኛው ወር ተከተለ። ያን ዓመት ለጥገና ብቻ ያወጣሁት ከ4,000 ዶላር በላይ ነው። መኪናው ክፉ ስለሆነ አልነበረም። አዲስ ሲሆን የገዛው ሰው እንዲህ ያለውን ወጪ የሚችል ሰው ነበር፤ እኔ አልነበርኩም።

ወደ ቤንዚኑ ልለፍ። እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ የምጽፈው የጸሐፊው አባባል ግማሹ እውነት ስለሆነና አንባቢን የሚያሳስተውም ያ ግማሹ ስለሆነ ነው።

ማደያ ላይ 87 (ሬጉላር)፣ 89፣ ከዚያም 91 ወይም 93 (ፕሪሚየም) ተብሎ የምታዩት የኦክቴን ቁጥር የቤንዚኑን ጉልበትም ሆነ ንጽሕና አይናገርም። ሲሊንደር ውስጥ ፒስተኑ ቤንዚንና አየሩን ሲጨምቀው፣ ድብልቁ ከካንዴላው ብልጭታ የተነሳው እሳት ሳይደርስበት ያለ ሰዓቱ በራሱ እንዳይፈነዳ ያለውን መቋቋም ነው የሚለካው። ያለ ሰዓቱ ሲፈነዳ «ሞተሩ አንኳኳ» የምንለው ይከተላል፤ ዳገት ላይ ስትረግጡት ቆርቆሮ ውስጥ ጠጠር እንደሚናጥ ያለ ድምፅ ነው። ሞተሩ የሚጨምቅበት ኃይል በበዛ ቁጥር፣ ይልቁንም ቱርቦ ካለው፣ የሚፈልገው ኦክቴን ከፍ ይላል። የቅንጡ ሴዳኖች ሞተር ደግሞ አብዛኛው እንዲህ ያለ ነው።

የዛሬ መኪኖች ማንኳኳቱን የሚሰማ ሴንሰር አላቸው። ሲሰማ ኮምፒውተሩ ብልጭታውን ያዘገየዋል፤ ሞተሩ ይድናል፣ ጉልበቱ ግን ይቀንሳል፣ ቤንዚንም ይበላል። ጸሐፊው «እኔ ሬጉላር ስቀዳ ምንም አልሆነም» ያሉት ከዚህ የተነሳ ነው። አልሆነም ማለት ግን ሴንሰሩ እየተከላከለ ነው ማለት ነው። በሐምሌ ሙቀት አራት ሰውና ሻንጣ ጭኖ ወደ ሸናንዶዋ ተራራ ሲወጣ፣ ያውም 90,000 ማይል በሄደና ውስጡ ጥላሸት በያዘ ሞተር፣ ሴንሰሩ ሁሉን ይችላል ብሎ መተማመን አይቻልም።

ታዲያ እውነት የሆነው ግማሽ የትኛው ነው? የአሽከርካሪዎች ማኅበር የሆነው ትሪፕል ኤ ይህን ጉዳይ ሁለት ጊዜ ፈትኖታል። በ2016 ለሬጉላር በተሠሩ መኪኖች ላይ ፕሪሚየም ሞክሮ ምንም የረባ ጥቅም አላገኘበትም፤ አሜሪካውያን በአንድ ዓመት 2.1 ቢሊዮን ዶላር በከንቱ እንደሚያወጡም ገመተ። በ2017 ደግሞ ፕሪሚየም «የሚመከርላቸውን» መኪኖች ፈተነ። በአማካይ የቤንዚን ቁጠባው የተሻሻለው በ2.7 በመቶ፣ የፈረስ ጉልበቱ በ1.4 በመቶ ብቻ ነበር። የዋጋው ልዩነት ያን ጊዜ ከ20 እስከ 25 በመቶ ስለነበር፣ ለእንዲህ ያለ መኪና ሬጉላር መቅዳት ገንዘብ ያድናል። እዚህ ድረስ ከጸሐፊው ጋር ነኝ።

ነገር ግን «ይመከራል» እና «ግዴታ ነው» አንድ አይደሉም፤ ጸሐፊው ያደባለቁት ይህን ነው። የነዳጅ መቅጃውን ክዳን ከፍታችሁ ውስጡን አንብቡ። «ሪኮመንድድ» ከሚል ከላይ ያልኩት ይሠራል። «ሪኳየርድ» ወይም «ፕሪሚየም ኦንሊ» ከሚል ግን መሐንዲሱ ሞተሩን የሠራው በዚያ ቤንዚን ሒሳብ ነው፤ ክርክር የለውም። መርሴዲስ ውስጥ ብዙ ጊዜ የምታገኙት ይህን ሁለተኛውን ነው። በስሕተት አንድ ጊዜ ሬጉላር ቢቀዳ ዓለም አያልቅም፤ ሳትረግጡት ቀስ ብላችሁ ነድታችሁ ግማሽ ሲደርስ በፕሪሚየም ሙሉት። 87 እና 93 እኩል ሲቀላቀል 90 አካባቢ ይሆናል። እንደ ልማድ መያዝ ግን ሌላ ነገር ነው።

አውሮፓ ያላችሁ ዘመዶቻችን «እኛ ጋ ተራው ቤንዚን 95 ነው» ስትሉ እሰማለሁ። አለካኩ ይለያል፤ የእናንተ 95 የእኛ 91 አካባቢ ነው።

አሁን በቁጥር እንየው። አንድ ሰው በዓመት 15,000 ማይል ይነዳል እንበል። ባለ ስድስት ሲሊንደሩ የጀርመን ሴዳን በጋሎን በአማካይ 23 ማይል ቢሄድ 652 ጋሎን ይፈልጋል። ፕሪሚየም 4.20 ዶላር ቢሆን በዓመት 2,738 ዶላር ነው። በዚያው ገንዘብ የሚገኝ የሌክሰስ ኢኤስ 300ኤች ሃይብሪድ በጋሎን 40 ማይል ያህል ይሄዳል፤ የሚጠጣውም 87 ነው። ሬጉላር 3.20 ቢሆን 375 ጋሎን 1,200 ዶላር ይመጣል። ልዩነቱ በየዓመቱ ከ1,500 ዶላር ይበልጣል፤ በአምስት ዓመት ከመኪናው ዋጋ ግማሹን አለፈ ማለት ነው። ይህ እንግዲህ ምንም ሳይበላሽ ነው።

«በወር አንዴ ፕሪሚየም ሞተር ያጥባል» የሚለውን በአጭሩ ልመልስ። ሞተር የሚያጥበው ኦክቴኑ ሳይሆን ቤንዚኑ ውስጥ የሚጨመረው ማጽጃ ነው። ቶፕ ቲየር የሚባለውን መለኪያ በ2004 ቢኤምደብሊው፣ ጀነራል ሞተርስ፣ ሆንዳና ቶዮታ ተስማምተው ያወጡት የማጽጃው መጠን እንዲበዛ ብለው ነው። መለኪያው ማደያው የሚሸጠውን ሁሉ ይመለከታል፤ የቶፕ ቲየር ምልክት ያለበት ማደያ 87ቱም እንደ 93ቱ ማጽጃ አለው። ምልክቱን ፈልጉ፤ ሬጉላር በሚጠጣ መኪና ላይ በየወሩ ፕሪሚየም ብትጨምሩ የምታጥቡት ኪሳችሁን ነው።

ካርፋክስና ኢንስፔክሽን ላይ የጻፉት በጣም ያሳሰበኝ ነው፤ ልጆቻችን በብዛት የሚታለሉት እዚህ ላይ ነውና። ካርፋክስ የሚያውቀው የተነገረውን ብቻ ነው። ሁለት ሰው ተጋጭቶ ኢንሹራንስ ሳይጠራ በጥሬ ገንዘብ ከተስማማና ጓሮ ጋራዥ ውስጥ ካስጠገነው ወረቀቱ ንጹሕ ነው። ከጎርፍ የወጣ መኪናም አለ። በ2017 ሃርቪ፣ በ2021 አይዳ፣ በ2022 ኢያን የሚባሉት አውሎ ነፋሶች ከመጡ በኋላ ውኃ የዋጣቸው መኪኖች ታይትላቸው (የባለቤትነት ወረቀታቸው) በሌላ ስቴት እየተቀየረ ገበያ ውስጥ ይገባሉ፤ ቅንጡ ሴዳን ደግሞ ኤሌክትሮኒክሱ ብዙ ስለሆነ ውኃ ከነካው አይድንም። የመቀመጫውን ቀበቶ እስከ መጨረሻው ሳቡት፤ ጫፉ ላይ የደረቀ ጭቃ መስመር ካለ ትታችሁ ሂዱ። የኋላውን ምንጣፍ አንስታችሁ ከሥሩ ያለውን ጎድጓዳ ቦታ እዩ፣ አሽትቱት።

የሜሪላንድ ኢንስፔክሽን ደግሞ ፍሬን፣ ጎማ፣ መሪ፣ መብራት ነው የሚያየው። ካምቢዮው ሊወርድ ነው ወይ፣ የሞተሩ ሰንሰለት ላልቷል ወይ ብሎ አይጠይቅም። ከ2012 እስከ 2015 ድረስ በቢኤምደብሊው 328አይ እና 528አይ ውስጥ የገባው ኤን20 የሚባለው ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር የሰንሰለቱ ፕላስቲክ መምሪያ እየተሰባበረ ፍርድ ቤት ድረስ የደረሰ ጉዳይ ነው። የመርሴዲስ ኤም272 ሞተርም በ2000ዎቹ አጋማሽ በተሠሩት ላይ የሚዛን ዘንጉ ጥርስ ያለ ጊዜው እየተበላ ተመሳሳይ ክስ አስነሥቶ ነበር። እንዲህ ያለውን ለመጠገን ሞተሩን ማውረድ ሁሉ ሊያስፈልግ ይችላል። መኪኖቹ ግን በኢንስፔክሽን ያልፋሉ።

ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት ሻጩ የማያውቀው፣ ያንን ስሪት ለይቶ የሚሠራ መካኒክ ጋ ወስዳችሁ አስመርምሩ። ከ150 እስከ 300 ዶላር ቢያስከፍላችሁ ነው። ሻጩ «ጊዜ የለኝም» ካለ መልሱን ሰጥቷችኋል። ስትሄዱ ጠዋት ሂዱ፣ ሞተሩን ቀድሞ እንዳያስነሳው ንገሩት፤ እንደደረሳችሁ ኮፈኑ ላይ እጃችሁን አሳርፉ። ሞቆ ከጠበቃችሁ የሚደብቀው ነገር ሊኖር ይችላል። ሲነሳ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ሰኮንዶች በጸጥታ አዳምጡ፤ የሰንሰለቱ መንቋቋት የሚሰማው ያኔ ነው። በአየር አሞርዛተር የሚሄድ ከሆነ አራቱንም ጎን እኩል መቆሙን እዩ። የሻንሲ ቁጥሩን የፌዴራሉ የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ላይ በነጻ አስገቡት፤ ታካታ የሚባለው ኤርባጉ ጉድለት ስላለበት ይቀየር ተብሎ ተጠርቶ ሳይቀየርለት የቀረ መኪና እስከ ዛሬ አለ፣ ያም ሕይወት የሚያጠፋ ነገር ነው።

መስኮቱ ላይ የተለጠፈውን ወረቀትም አንብቡ። ነጋዴ ያገለገለ መኪና ሲሸጥ ወረቀቱን እንዲለጥፍ ሕግ ያስገድደዋል። «አዝ ኢዝ» (እንዳለ፣ ያለ ዋስትና) የሚለው ሳጥን ምልክት ካለበት፣ ከበሩ እንደወጣችሁ ሞተሩ ቢቆምም የእናንተ ነው። በቃል የተነገራችሁ ተስፋ አይቆጠርም፤ ወረቀቱ ላይ አስጽፉት።

የሐበሻ መካኒክ አለ የሚለውን በተመለከተ፣ አሌክሳንድሪያም ሲልቨር ስፕሪንግም እጃቸው የተባረከ ልጆች አሉን፤ ካምሪዬን እስከ 240,000 ማይል ያደረሰልኝ ከእነሱ አንዱ ነው። ያው ሰው የጀርመኑን ሴዳን ሳመጣበት ግን «ጋሼ፣ የዚህ ኮምፒውተር እኔ ጋ የለም» አለኝ፤ ሐቀኛ ነውና። አዲስ ባትሪ እንኳ ሲገባ በኮምፒውተር መመዝገብ ያለበት መኪና አለ። እዚህ ላይ አንድ የማታለያ ቃል ላንሳ፤ «የካምቢዮው ዘይት የዕድሜ ልክ ነው» ይሏችኋል። የብዙዎቹን የጀርመን መኪኖች ካምቢዮ የሚሠራው ዜድኤፍ ራሱ ከ80,000 እስከ 120,000 ኪሎ ሜትር ባለው ውስጥ ይቀየር ይላል፤ ያ በማይል ከ50,000 እስከ 75,000 ነው። የአክስቴ ልጅ ያየው መኪና 92,000 ማይል ሄዷል። ተቀይሯል ወይ? ደረሰኙ የታለ? ብዙዎቹ መለዋወጫ ጎማ እንኳ የላቸውም፤ ቢተነፍስም በሚሄድ ውድ ጎማ ነው የሚሄዱት።

መኪናው ሠርቶ ራሱን ይከፍላል ለሚለው፣ የጥቁር መኪና አገልግሎት (ቅንጡ መኪና ብቻ የሚያስገባው የታክሲ አገልግሎት) የመኪናውን ዕድሜና ሞዴል ይወስናል፣ የንግድ ኢንሹራንስም ይጠይቃል። የአሥር ዓመት መኪና ይዞ የሚገባ ሰው አላውቅም። በተራው አገልግሎት ከሠራ ደግሞ ተሳፋሪው የሚከፍለው ለኮሮላም ለመርሴዲስም ያው ነው፤ በጋሎን 23 ማይል በፕሪሚየም እየነዳ ምን ሊተርፈው ነው? ቨርጂኒያ የሚኖር ሰው ከዚህ ሌላ በየዓመቱ በመኪናው ዋጋ ልክ የንብረት ግብር ይከፍላል።

አገር ቤት ይላካል የተባለው ከሁሉ የከፋ ምክር ነው። በእኛ አቆጣጠር የ2012ቱ የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ባረጁ መኪኖች ላይ የጫነው ቀረጥ ይታወቃል። ከዚያ ደግሞ እንደ ፈረንጆቹ በ2024 መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ አግዷል። ዛሬ በዚያ ተስፋ መኪና የሚገዛ ሰው ላም አለኝ በሰማይ ነው።

ደህና መኪና አትንዱ እያልኩ አይደለም። በቆዳ ወንበር ተቀምጦ፣ ጸጥ ባለ መኪና ከሥራ ወደ ቤት መመለስ የደከመ ሰው የሚገባው ነገር ነው። እኔም አሁን የምነዳው የሌክሰስ ኢኤስ ነው። ከ2013 ወዲህ የተሠሩት ኢኤስ 350ም ሆኑ 300ኤች በ87 የሚሄዱ ናቸው፤ ከውስጣቸው ብዙው የካምሪና የአቫሎን ዘመድ ስለሆነ መካኒኬም ያውቀዋል። የ2015ቱ ባለ ስድስት ሲሊንደር የሃዩንዳይ ጀነሲስም ሬጉላር ይጠጣል። የጀርመኑን ካልሆነ ያለ ሰው ይግዛው፤ ግን 13,800 ዶላር ለመኪናው ካወጣ ከ3,000 እስከ 4,000 ዶላር ሳይነካ ባንክ ይቀመጥለት። ከሌለው የዚያ መኪና ጊዜው ለእሱ ገና አልደረሰም።

ይህን እየጻፍኩ ሳለ ሐሙስ ማታ ልጁ ሌላ መልእክት ላከ። መኪናው ጋ ተመልሶ ሄዶ የነዳጅ መቅጃውን ክዳን ከፍቶ ፎቶ አንሥቶታል። ፎቶው ትንሽ ደብዝዟል፣ ቀዩ ጽሑፍ ግን ይነበባል፤ «ፕሪሚየም ሪኳየርድ»። ከሥሩ «ጋሼ፣ ይሄ በወር ስንት ይመጣብኛል?» ይላል። ከሲልቨር ስፕሪንግ ሥራ ቦታው ድረስ ያለውን፣ እሑድ እሑድም ቤተ ክርስቲያን የሚሄድበትን ማይል ጠይቄው ሒሳቡን ሠርቼ ላክሁለት። ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ «ለማንኛውም አብረን እንየው» አለኝ። ቅዳሜ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ እንሄዳለን፤ ሻጩ ሞተሩን ሳያስነሳ እንዲጠብቀን ነግሮታል።